ክሪኩን የያዘው እጅ

ኤካርት ቮልቢር የሃያ አራት ዓመት ዕድሜ ባለው መኪናው የኋላ አክስል ሥር በጀርባው ተጋድሞ፣ የብረቱ ክብደት ደረቱ ላይ እንዳረፈ ሞቶ ተገኘ። በግራ እጁ አጠገብ የእጅ ባትሪው እንደበራ ነበር። ቀኝ እጁ የብሎን መፍቻውን እንደጨበጠ ቀርቷል። ዕድሜውን ሙሉ ፊዚክስ ሲያስተምር የኖረ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው በዚህ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ኮሚሳር ዶርተ ላምፕረሽት ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስትደርስ የአካባቢው የብሩክሆፍ ፖሊሶች ነገሩን በልባቸው ጨርሰውታል። ያረጀ ክሪክ፣ ያረጀ መኪና፣ ብቻውን የሚሠራ ሽማግሌ። እሷን የጠሯት ደንቡ ስለሚያስገድድ ብቻ እንደሆነ አንደኛው ሳይሸሽግ ነገራት።

ጋራዡ ድሮ የአንድ ሸክላ ፋብሪካ ፈረሶች የሚያድሩበት ቤት ነበር። አሁን የአራት ሰዎች ነው። ኤካርት፣ መካኒክ የነበረው ጌርኖት ፔፕከ እና ከብት አርቢው ሔኒንግ ቲስ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያልተለያዩ ጓደኛሞች ናቸው። አራተኛው ጄም አይዲን የአውቶቡስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን ገና አርባ ዓመቱ ነው፤ ከሦስቱ ጋር የተቀላቀለው ከስድስት ዓመት በፊት ነበር። አራቱም አንድ ዓይነት መኪና ነው ያላቸው። የመኪናው ፋብሪካ መለዋወጫውን ማምረት ካቆመ ቆይቷል፤ አንዱ ያገኘውን ለሌላው እያካፈለ፣ አንዱ የፈታውን ችግር ለሌላው እያስተማረ ነው መኪኖቹን በሕይወት ያቆዩዋቸው።

ሬሳውን ያገኘው ጄም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተዋሰውን ዕቃ ሊመልስ መጥቶ ነው። በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ፣ ጨርቁ ራሱ ከእጁ የባሰ መቆሸሹን አላስተዋለም።

አንደኛው ፖሊስ ለዶርተ ስልኩን አሳያት። የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ከየአገሩ ችግራቸውን እየጻፉ የሚመካከሩበት አንድ ድረ ገጽ አለ። እዚያ ላይ በኤካርት ስም ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ እንዲህ የሚል ወጥቷል፦ «የካምቢዮው ኮምፒውተር ግንኙነት እንደገና ተቋረጠ። ከሥር ገብቼ ገመዱን ልየው።»

«ይኸው» አለ ፖሊሱ። «በገዛ እጁ ጽፎ ገባ፤ ክሪኩ ከዳው።»

ዶርተ ክሪኩ ወዳለበት ሄደች። እሷም ከዚያው የመኪና ፋብሪካ የወጣ አሮጌ መኪና ስትነዳ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ስለ ክሪክ ሰው እንዲነግራት አያስፈልጋትም። ተንበርክካ አየችው። ዘይት የሚያፈስ ክሪክ መኪናውን ቀስ እያለ ነው የሚያወርደው፤ ሰው ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ይኼኛው ግን ጠብታ ዘይት አላፈሰሰም። ማውረጃው ብሎን ሁለት ዙር ሙሉ ተከፍቷል። ራሱን በራሱ የሚከፍት ብሎን ደግሞ አይታ አታውቅም።

ቀጥሎ ግድግዳውን አየች። መኪና ከተነሣ በኋላ ከሥሩ የሚቆሙት አራቱ የብረት መደገፊያዎች በየመንጠቆአቸው ተሰቅለዋል። በባትሪ እያበራች የመኪናውን ሆድ ስትመረምር ግን፣ በቀኝም በግራም፣ የዓመታት ጭቃ ተደፍጥጦ ብረቱ ያበራበት አዲስ ምልክት አገኘች። መደገፊያዎቹ ዛሬ እዚህ ቆመው ነበር ማለት ነው። ከዚያ አንድ ሰው አንሥቶ ሰቅሏቸዋል።

ሥራ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ አለ፤ ክዳኑ ተዘግቷል፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ከጎኑ ተቀምጧል። መኪናው ውስጥ ከፊተኛው የተሳፋሪ መቀመጫ ሥር ምንጣፉ ተገልጦ የፀጉር ማድረቂያ ተቀምጦበታል። ከላፕቶፑ ወዲህ ደግሞ ኤካርት ያን ዕለት ከኋላ የፈታው አንድ የፍሬን ቱቦ ተጋድሟል። ዶርተ ቱቦውን አነሣችና በጣቷ አጠፍ ዘርጋ አደረገችው። ጎማው ለስላሳ ነው፤ ስንጥቅ የለበትም። የተመረተበት ቀን ታትሞበታል፤ አምስት ዓመቱ ነው።

ጥንቁቅ የተባለ ሰው ደህናውን ቱቦ ለምን ፈትቶ ይጥላል? ይህን ጥያቄ በልቧ ይዛ ወደ ጄም ዞረች።

ጄም ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻውን ሲነዳ እንደነበረና የሚመሰክርለት እንደሌለ ሳይጠየቅ ተናገረ። ባለፈው ሳምንት ከኤካርት ጋር መጨቃጨቁንም አልደበቀም። የጭቅጭቁ ምክንያት አንድ የማይገኝ የካምቢዮ ኮምፒውተር መሰኪያ ነበር። ሔኒንግ ጎተራ ውስጥ ከቆመ የተጋጨ መኪና ላይ እንዲፈታው ጄም ሁለት ዓመት ለምኖ ተከልክሏል፤ ኤካርት ግን አንድ ጊዜ ጠይቆ ተፈቀደለት።

«ለካ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ውዬ እንግዳ ነኝ» አለ። «ኤካርትን እወደው ነበር፤ ግን ያናድድ ነበር። ከመኪና ሥር ተኝቶ ሳለ ክሪኩን የነካሁ እንደሆነ እንደ እባብ ተስቦ ይወጣል። "ጄም፣ እጅህን አንሣ" ይለኛል። ሔኒንግ ቢነካም ያው ነው። ማንም ይንካው፣ ይወጣል።»

«ማንም?»

ጄም አሰብ አደረገና ትከሻውን ሰበቀ። «ጌርኖት ሲቀር። ጌርኖት መኪናውን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው እሱ ከሥር ሆኖ ያፏጫል።»

በማግስቱ ዶርተ የሟቹን ሚስት ሮስቪታን ቤቷ ሄዳ አነጋገረች። ሮስቪታ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ የአተር ሾርባ አድርሳለት ወደ መዘምራን ልምምድ ሄዳለች፤ ሃያ ሴቶች አብረዋት ነበሩ። ባሏ ደስ ብሎት ነበር አለች፤ ሾርባውን ቆሞ እየጠጣ «ውኃ! ለካ ነገሩ ሁሉ ውኃ ነው!» እያለ ብቻውን ይስቅ ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችውም። በአርባ ዓመት ትዳር ስለ መኪና መጠየቅ ካቆመች ሠላሳው አልፏል።

ከዚያ እጇን አገላበጠች።

«አንድ ነገር አለ» አለች። «ረቡዕ ዕለት ከሔኒንግ ጎተራ ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር። ለዛሬ እሑድ የፕለም ኬክ ጋግሪ፣ ሔኒንግና ጌርኖት ይመጣሉ አለኝ። "ሔኒንግ መስማት ያለበት ነገር አለ፤ ግን ከእኔ አፍ አይደለም" ነው ያለኝ። ኬኩ ማእድ ቤት ነው። ማን እንደሚበላው አላውቅም።»

ጌርኖት ፔፕከ ዶርተን የተቀበላት ደጁ ላይ ቆሞ ነው። ሰፊ ትከሻ፣ ለስላሳ ድምፅ። መኪናዋ ገና ጥግ ስትይዝ ሰምቷት ነበርና ሰላምታ ሳይጨርሱ የግራ ፊት ጎማዋ ኩሽኔታ ሊያልቅ መሆኑን ነገራት፤ ሳትቀይረው ተራራ እንዳትወጣም አደራ አላት። ሁለት መካኒኮች ያላገኙትን ነገር በጆሮው ብቻ አገኘው። ዶርተ ወደደችው። በኋላ የቆጫትም ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ከሔኒንግ ጋር ካርታ ሲጫወት እንደነበረ ነገራት። ያ ጽሑፍ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሲወጣ ስልኩ ጮኾ፣ ለሔኒንግ ጮክ ብሎ አንብቦለታል፤ ሁለቱም ስቀዋል። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው እሱ ራሱ ነው፤ ሌላ ማን ጊዜ አለው?

«የኤካርትን የኋላ ፍሬን ቱቦዎች የገጠመው ማን ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«እኔ ነኛ። የዛሬ አምስት ዓመት። ገና አሥር ዓመት ይሄዳሉ።» ከዚያ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳይነቅል፣ «ምነው?» አለ።

«እንዲሁ ነው» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ሔኒንግ ጎተራውን ከፈተላት። ቁልፉ በአንገቱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ድርቆሹ አጠገብ፣ ሸራ ተሸፍኖ፣ ፊቱ የተጨፈለቀ ነጭ መኪና ቆሟል፤ የልጁ የቪብከ መኪና። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በዝናብ ቀን ከተራራው ስትወርድ መታጠፊያው ላይ ስታ ገደል ገባች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። መርማሪዎቹ ፍጥነት ነው አሉ።

«እኔም አመንኩ» አለ ሔኒንግ። «ልጄ ትቸኩል ነበር። ጌርኖት ባይኖር ኖሮ ያን ክረምት አላልፈውም ነበር። በየቀኑ ይመጣል። ላሞቼን ያለበልኝ እሱ ነው።»

ኤካርት ረቡዕ መጥቶ መሰኪያውን እንደፈታ፣ ከዚያም ከተሰባበረው የፊት ጎማ አጠገብ ብዙ ቆሞ እንደነበረ ነገራት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሔኒንግ ለቪብከ ያዘነ መስሎት ብቻውን ትቶት ወጣ።

ዶርተ ጭድ ላይ ተኛችና ከሥር አየች። የቀኙ የፊት ፍሬን ቱቦ የለም፤ የተፈታበት ቦታ ገና አዲስ ነው። የግራው ግን በቦታው አለ። ጎማው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አቧራውን በአውራ ጣቷ ጠረገችና የታተመውን ቀን አነበበች፤ እንደገናም አነበበችው። ከዚያ ሔኒንግን የመኪናውን የጥገና ደብተር ይዞላት እንዲመጣ ጠየቀችው። እሱም አምጥቶ ሰጣት። ምን እንዳየች ሲጠይቃት ግን ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አራቱን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሮስቪታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሔኒንግና ጌርኖት ጎን ለጎን ቆሙ፤ ጄም ራቅ ብሎ በሩን ተደገፈ። አንድ ፖሊስ ከውጭ አለ።

«አቶ ቮልቢር በአደጋ አልሞቱም» ስትል ጀመረች። «ክሪኩን ሰው ነው የከፈተው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለት መደገፊያዎች ከመኪናው ሥር ተነሥተው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ምልክታቸው እስካሁን አለ።»

ሮስቪታ አፏን በእጇ ሸፈነች።

ዶርተ ላፕቶፑን ከፈተችው። ስለ ጽሑፉ ተናገረች። ጽሑፉ የካምቢዮው ኮምፒውተር እንደገና ዝም አለ ይላል። ላፕቶፑ ላይ ግን ኤካርት ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ መኪናውን መርምሮ ያስቀመጠው ውጤት አለ፤ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ይመልሳሉ፣ አንድም ስህተት የለም። ኤካርት መንስኤውን አግኝቶታል። ውኃ ሰርጎ ምንጣፉ ሥር የተኛውን መሰኪያ አዝጎት ነበር፤ ሔኒንግ በሰጠው መሰኪያ ቀየረው፣ በፀጉር ማድረቂያ አደረቀው። ለሚስቱ የሳቀውም ለዚህ ነው።

«የፈታውን ችግር እንደገና መጣብኝ ብሎ የሚጽፍበት ምክንያት የለም። ጽሑፉን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ችግሩ መፈታቱን የማያውቅ፣ ደግሞም በኤካርት ስም መጻፍ የሚችል ሰው።»

«እኔ ካርታ ቤት ነበርኩ» አለ ጌርኖት በዝግታ። «ሔኒንግ ይመስክር።»

«ነበሩ። ጽሑፉ የወጣው እርስዎ ካርታ ላይ ሳሉ ነው። የተጻፈው ግን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ተገብቶ፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ እንዲወጣ ቀጠሮ ተይዞለት ነው። የድረ ገጹ ኩባንያ ትናንት ማታ የላከልኝ መዝገብ ይኸው።»

ጄም ከበሩ ቀና አለ። ጌርኖት ግን ፈገግ ብሎ፣ የይለፍ ቃሉን ሰው ሰርቆት ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ያሉት ሁሉ ኮምፒውተር ያውቃሉ አለ።

«ይሁን» አለች ዶርተ። «እንግዲያው ስለ ክሪኩ እንነጋገር። መደገፊያ ለማንሣት መጀመሪያ መኪናውን በክሪክ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ክሪክ ይጮኻል። መኪናው ይንቀጠቀጣል። ኤካርት ይህን ሁሉ እየሰማ አልወጣም፤ መፍቻውን እንኳ አላስቀመጠም። ጄም ቢሆን ኖሮ ተስቦ ይወጣ ነበር። ሔኒንግም ቢሆን እንዲሁ። በሕይወቱ ሙሉ ክሪኩ ሲነካ ከሥር የማይወጣው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ጌርኖት አልተመለከተም።

«ለምን?» አለች ሮስቪታ። ድምፅዋ ተሰባብሮ ነበር። «ሠላሳ ዓመት ከማእዴ በልቷል። ለምን?»

ዶርተ ወደ ሔኒንግ ዞረች። ይህን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ብትችል ደስ ባላት። የጥገና ደብተሩን ገልጣ አነበበችለት። ቪብከ ከመሞቷ አሥራ አንድ ቀን በፊት «ሁለቱም የፊት ፍሬን ቱቦዎች በአዲስ ተቀይረዋል» ተብሎ ተጽፏል፤ ፊርማው የጌርኖት ነው። ጎተራ ውስጥ ያለው የግራ ቱቦ ግን መኪናው ራሱ ከመሠራቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረተ ነው። ከሌላ የተጣለ መኪና ላይ ተፈትቶ የመጣ። የቀኙ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ስትረግጥ ፈነዳ፤ ግማሹ ፍሬን ጠፋ። መርማሪዎቹ በግጭቱ የተቀደደ መሰላቸው። ኤካርት ግን ረቡዕ ዕለት አይቶ ለየው፤ ፈትቶም ወሰደው።

«ኤካርት ለሔኒንግ አልነገረም። መጀመሪያ ወደ ጓደኛው ሄደ። እሑድ በአንተ አፍ ንገረው፣ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ አለ። ከዚያ ቅዳሜ እዚህ ገብቶ የራሱን መኪና ቱቦዎች መፍታት ጀመረ፤ እርስዎ የገጠሟቸውን፣ ደህናዎቹን። ሥራዎን ተጠራጥሮ ነበር፣ አቶ ፔፕከ። እጅዎን ግን አልተጠራጠረም።»

ጌርኖት ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወረደና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ለሔኒንግ ብቻ ነበር የሚናገረው።

«አዲሱ ዕቃ አልነበረም። በሁለት ሳምንት ይመጣል አሉኝ። እሷ ለጉዞ ቸኩላለች። ያው እስኪመጣ ብዬ ነው። ደብተሩ ላይ የሞላሁት ስትመለስ እቀይረዋለሁ ብዬ ነው። ኤካርትን ለመንኩት። ሌላ ዓመት ስጠኝ አልኩት። እሑድ ነው አለ። ቅዳሜ እንደገና ልለምነው መጣሁ። ከሥር ተኝቶ፣ "ጌርኖት፣ አንተ ነህ? ትንሽ ከፍ አድርግልኝ" አለኝ። ማን እንደሆነ እንኳ ቀና ብሎ አላየም፤ በእርምጃዬ ነው ያወቀኝ።»

ሮስቪታ ተነሥታ ወጣች። ጄም ተከትሏት ሄዶ ክንዷን ያዛት።

ሔኒንግ አልተንቀሳቀሰም። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቁጣም አልነበረበትም፤ ለጌርኖት ቢጮኽበት ይሻለው ነበር።

«የሬሳ ሣጥኗን ከፊት በኩል የተሸከምከው አንተ ነህ። እጄን ይዘህ፣ "ወጣት ናት፣ ወጣት ይቸኩላል፣ አትፍረድባት" አልከኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን ይቅር ለማለት ስታገል አየኸኝ።»

 ፖሊሱ ገብቶ ጌርኖትን አስነሣው፤ ሲወጣም ወደ ኋላ አላየም።

ዶርተ ከሔኒንግ ጋር ብቻዋን ቀረች።  እሱም ስልኳን ጠየቃት፤ የእሱ ስልክ ቤት ቀርቷል። ቁጥሩን ከአእምሮው ነበር የመታው።

አንትየ የምትባል ሚስት ነበረችው። ልጃቸውን መንዳት ያስተማረቻት እሷ ነበረች። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ዓመት ሔኒንግ አንድ ቀን፣ መቸኮልን አንቺ አስተማርሻት፣ አንቺ ነሽ የገደልሻት ብሏታል። አንትየ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ኪል ከተማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ይህን ለዶርተ የነገራት ስልኩ እየጠራ ሳለ ነው፤ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር።

ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አንትየ፣ ሔኒንግ ነኝ። እባክሽ አትዝጊው። አልፈጠነችም። ልጃችን አልፈጠነችም። ፍሬን ረግጣ ነበር።»

ከወዲያ በኩል ድምፅ አልመጣም። ስልኩም አልተዘጋም። ዶርተ ወደ ግቢው ወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችለት።